መስተዋትን ብር መቀባት፦ የመሣሪያው አተካከልና ከአደጋ የራቀ አሠራሩ

ለልደታና ለአካባቢው የመስተዋት ባለሙያዎች የቀረበ ትምህርት

በቋንቋችን በመስኮት ላይ የሚገጠመውም፣ ፊት የሚታይበትም አንድ ስም ይዘው መስተዋት ይባላሉ። ግእዝ ግን የፊት መመልከቻውን መጽሔት ይለዋል፤ ዛሬ በየጊዜው እየታተመ የሚወጣውን ጽሑፍ መጽሔት ማለታችንም ከዚሁ የመጣ ነው። በሥራ በኩል ሲታይ የሁለቱ መስተዋቶች ልዩነት እጅግ ቀጭን የሆነች የብር ሽፋን ናት። ይህች ሽፋን ውፍረቷ ከ70 እስከ 100 ናኖሜትር ስለሚሆን ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ጋር ብትመዛዘን አንድ ሺኛውን ያህል ብቻ ትሆናለች። ይህችኑ ሽፋን በጥሬ መስተዋት ላይ ማኖር የቻለ ሰው ጥሬውን ዕቃ ወደ ተፈላጊ ሸቀጥ ለወጠው ማለት ነው።

በልደታ ክፍለ ከተማ ነባሮቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ሕንፃዎች ከተሠሩ ወዲህ፣ የፊት መስተዋት የሚፈልገው ሰው በዝቷል። የፀጉር ቤቱ፣ የልብስ ስፌቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ቁም ሣጥን የሚሠራው አናጢ፣ አዲስ ቤት የገባው ነዋሪ ሁሉ ደንበኛ ነው። ይሁን እንጂ የመስተዋት ቤቶቻችን ሥራ በአብዛኛው ከውጭ አገር ብር ተቀብቶ የመጣውን ሰሌዳ በልክ መቁረጥ፣ ጠርዙን መሞረድና በክፈፍ ማስገባት ነው። ስለዚህ አንዳንድ አባሎቻችን «መቀባቱን ራሳችን ብንሠራውስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን በሁለት ነገሮች ላይ ይንጠለጠላል። አንደኛው ሒሳቡ ነው፤ ሁለተኛው የሠራተኛው ዓይን፣ ሳንባና ሕይወት ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም በተራ ያስረዳል።

ስለ ጥበቡ አመጣጥ

ቀድሞ በአውሮፓ፣ ይልቁንም በቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት፣ የፊት መስተዋት ይሠራ የነበረው ስስ የቆርቆሮ ቅጠል ከባዜቃ ጋር አዋሕዶ በመስተዋቱ ጀርባ ላይ በማጣበቅ ነበር። ባዜቃ በክፍል ሙቀት እንኳ ስለሚተን፣ ትነቱን ውለው አድረው የሚተነፍሱት ሠራተኞች እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ጥርሳቸው ይወልቅ፣ አእምሯቸው ይታወክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢኽ ብር በአሞንያ ከሟሟበት ውኃ ተለይቶ በብርጭቆ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ አስታወቀ፤ በ1850ዎቹም ለመስተዋት ሥራ እንዲውል አሻሻለው። ከዚያ በኋላ ባዜቃው ቀስ በቀስ ከሥራው ወጣ። ዛሬ በእጅ የሚሠራውም በትልቅ ፋብሪካ የሚሠራውም የብር መስተዋት በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛም የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ አለው። በጣም አሮጌ የሆነ፣ ከጀርባው ቀለም የሌለው፣ ግራጫ መልክ ያለውና ነጠብጣብ የሚያብለጨልጭበት መስተዋት ለእድሳት ቢመጣ፣ የባዜቃ መስተዋት ሊሆን ስለሚችል አይፋቅ፣ አይሞቅ፣ በአሲድም አይነካ። እንዳለ ለባለቤቱ መመለስ ይሻላል።

የሥራው ምሥጢር

ሲልቨር ናይትሬት የሚባለው ነጭ ጨው በውስጡ ብር አለበት፤ ከ100 ግራሙ 63.5 ግራም ያህሉ ብር ነው። ይህ ጨው በንጹሕ ውኃ ሟሙቶ አሞንያ ሲጨመርበት ብሩ በውኃው ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። በኋላ ግሉኮስ፣ ማለት የወይን ስኳር፣ ሲገናኘው ብሩ ተገዶ ወደ ብረትነቱ ይመለሳል፤ በአቅራቢያው ባገኘው ንጹሕ ገጽ ላይም ይለጠፋል። ገጹ ቅባት ወይም አቧራ ካለበት ግን አይለጠፍም፤ ቢለጠፍም ይላጣል። እንግዲህ የሥራው ግማሽ እጥበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሥራ ቤቱ አከፋፈል

ብር የሚቀባበት ቤት ቢያንስ በአራት ስፍራ መከፈል አለበት።

1ኛ፤ የመቁረጫና የመሞረጃ ስፍራ። የመስተዋት ብናኝና ስባሪ ወደ እርጥቡ ሥራ እንዳይገባ ይህ ለብቻው ይሁን። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስተዋት በአንድ ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 12.5 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚበልጠውን ሰሌዳ ሁለት ሰው ይያዘው። ጠርዙ የሚሞረደውም ብር ከመቀባቱ በፊት ነው።

2ኛ፤ የማጠቢያና የመቀቢያ ስፍራ። በዚህ የሚቆመው ጠረጴዛ ጠንካራ ሆኖ እግሮቹ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚሉ ይሁኑ፤ ውኃ ልኩ በርዝመቱም በወርዱም ተፈትኖ ፍጹም ለጥ ያለ መሆን አለበት። ጠረጴዛው አንድ ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል ውኃው ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ በሌላው ወገን ሽፋኑ ይሳሳል። ከጠረጴዛው ሥር ሰፊ የፕላስቲክ ገበታ ይቀመጥ፤ የሚፈሰው ሁሉ ወደ በርሜል እንጂ ወደ ቱቦ አይሂድ። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ የማያንሸራትት ይሁን።

3ኛ፤ የቀለምና የማድረቂያ ስፍራ። የቀለም ሽታ ከአሞንያ ሽታ ጋር እንዳይቀላቀል፣ እሳትም እንዳይቀርበው ለብቻው ይሁን።

4ኛ፤ የኬሚካል ማስቀመጫ። ቁልፍ ያለው፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ሆኖ አሲዱ ከአሞንያውና ከኮስቲክ ሶዳው በተለየ መደርደሪያ ይቀመጥ። ሲልቨር ናይትሬት በጥቁር ወይም በቡናማ ጠርሙስ ይያዝ፤ ከወረቀት፣ ከመጋዝና ከማናቸውም በቀላሉ ከሚቀጣጠል ነገር ይራቅ።

የአየር መውጫውም ሊታሰብበት ይገባል። መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ከጠረጴዛው አጠገብ አየሩን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ይገጠም። መብራት ቢጠፋ ማራገቢያው ስለሚቆም ሥራውም ወዲያው ይቁም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ወደ መሬት የተያያዘና በእርጥበት ጊዜ ራሱን የሚቆርጥ ማቋረጫ ያለው ይሁን፤ ሶኬቱም ከውኃው ፍንጣቂ በላይ ይገጠም።

በጋራ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ሱቅ የያዙ ባለሙያዎች ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። በእንዲህ ያለው ሱቅ መስተዋት መቁረጥና መሸጥ ይቻል ይሆናል፤ ብር መቀባት ግን አይገባም። ሽታው ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ ፍሳሹም ነዋሪው ሁሉ በሚጠቀምበት ቱቦ ይወርዳል። ለዚህ ሥራ የተለየ፣ ለመኖሪያ ያልዋለ ቤት ይፈለግ።

ስለ ውኃ

የቧንቧ ውኃ ለመጠጥ ደኅና ቢሆንም ለብር ሥራ አይስማማም። በውስጡ ያለው ክሎራይድ ከብሩ ጋር ሲገናኝ ውኃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ብሩም ይባክናል። ስለዚህ ለመጀመሪያው እጥበት የቧንቧ ውኃ፣ ለመጨረሻው ማለቅለቂያና ለመበጥበጫው ግን የተነጠረ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃውን ለመፈተን በንጹሕ ብርጭቆ ጥቂት ቀድቶ አንድ ጠብታ የሲልቨር ናይትሬት ብጥብጥ መጨመር ነው። ጥርት ብሎ ከቀረ ይሠራል፤ ከነጣ አይሠራም።

የተነጠረ ውኃ ለመኪና ባትሪ ማሟያ ስለሚሸጥ ማግኘቱ አይከብድም። ነገር ግን በንግግር «የባትሪ ውኃ» ሲባል አንዳንዱ ሻጭ አሲዱን ሊያቀርብ ይችላልና፣ ገዢው የሚፈልገውን ለይቶ ይናገር፤ ጽሑፉንም አንብቦ ይረከብ።

የከተማችን ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ ውኃ የሞላ ሮቶ ከፍ ብሎ ሳይቀመጥ ሥራ አይጀመር። ይህ ለእጥበቱ ብቻ የተባለ አይደለም። ዓይን ውስጥ ኬሚካል ቢገባ ወራጅ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳይቋረጥ መፍሰስ ስላለበት ነው።

የሠራተኛው ልብስና መከላከያ

ግራና ቀኙ የተዘጋ የዓይን መነጽር፣ ኬሚካል የማያሳልፍ የላስቲክ ጓንት፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ የላስቲክ ሽርጥና ቦቲ ጫማ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይሰጥ። መስተዋት ሲቆረጥና ሲነሣ የሚደረገው ጓንት ሌላ ነው፤ እርሱ ስለት የማይበጣው ይሁን። የአቧራ መሸፈኛ ጨርቅ አሞንያን አያግድም፤ ስለዚህ ጨርቁን አስሮ ተማምኖ መሥራት ራስን ማታለል ነው።

በነዚህ ጉዳዮች ሕጉም ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። ይኸው አዋጅ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ ጤንነቱን በሚጎዳ ሥራ ላይ ማሰማራትን ስለሚከለክል፣ ለጋ ተለማማጆች በክፈፍና በጽዳት ሥራ ይርዱ እንጂ ወደ መቀቢያው ጠረጴዛ አይቅረቡ።

የመለማመጃ ሥራ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰሌዳ የሚሠራ ቤት ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን፣ ሲመረት ለዚሁ ሥራ የተመጠነውን የብር መቀቢያ ገዝቶ በአምራቹ መመሪያ መሠረት በሁለት አፍ መርጫ ቢረጨው ይመረጣል። በዚህ አሠራር ብሩና ግሉኮሱ የሚገናኙት በመስተዋቱ ላይ ብቻ ስለሆነ አደጋውም ብክነቱም ይቀንሳል። ሆኖም የሥራውን ጠባይ ለማወቅ በትንሽ መስተዋት ላይ በማፍሰስ መለማመድ ጥሩ ትምህርት ነው። የሚከተለው መጠን ወርዱ 20፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መስተዋት ይበቃል። የመጀመሪያው ልምምድ ኬሚስትሪ በሚያውቅ ሰው ፊት ይደረግ።

ሀ. እጥበት። መስተዋቱ በሳሙና ይታጠብ፤ ቀጥሎ በውኃ በራሰ የተላመ ጠመኔ ወይም በሴሪየም ኦክሳይድ በንጹሕ ሰፍነግ ዙሪያውን እየተሸ ይጥራ። ጎርፍ በሚመስል ውኃ ይለቅለቅ። ውኃው በገጹ ላይ እንደ አንድ አንሶላ ሳይቆራረጥ ከተዘረጋ ንጹሕ ሆኗል፤ እዚህና እዚያ ከሸሸ ቅባት አለበትና እጥበቱ ይደገም። ከዚህ በኋላ ገጹ በጣት አይነካ፣ እስከ መጨረሻውም አይድረቅ።

ለ. ገጹን ማንቃት። 1 ግራም ስታነስ ክሎራይድ በ1 ሊትር የተነጠረ ውኃ ተበጥብጦ ለአንድ ደቂቃ ያህል በገጹ ላይ ይፍሰስ። ይህ የቆርቆሮ ጨው ብሩ የሚይዝበትን መሠረት ያኖራል። ብጥብጡ ቶሎ ስለሚበላሽ በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጅ። ከዚያ በኋላ በተነጠረ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያሻል፤ የቀረ ቆርቆሮ ብሩን ያጠቁረዋል።

ሐ. ብሩን ማዘጋጀት። 1.7 ግራም ሲልቨር ናይትሬት በ100 ሚሊ ሊትር የተነጠረ ውኃ ይሟሟ። አሞንያ በጠብታ እየተጨመረ ይማሰል። መጀመሪያ ቡናማ ዝቃጭ ይታያል፤ ጠብታው ሲቀጥል ዝቃጩ ይጠፋል፤ ውኃው እንደ ጠራ ወዲያው ይቁም። 1.6 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ50 ሚሊ ሊትር ውኃ ለብቻው ይሟሟ፤ ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይፈስም። ይህ ሲጨመር ቡናማው ዝቃጭ እንደገና ይመጣል፤ በጥቂት የአሞንያ ጠብታ እንደገና ይጥራ። አሞንያ ከበዛ ብሩ ሥራውን ያዘገያል።

መ. ማፍሰስ። 0.9 ግራም ግሉኮስ በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ የሟሟበት ወደ ብሩ ይጨመርና አንድ ጊዜ ተማስሎ ወዲያው በመስተዋቱ ላይ ይፍሰስ። ሁሉም ተደምሮ 160 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን በ500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ይይዛል። ውኃው ይጠቁራል፣ ከዚያም ያንጸባርቃል። ከ3 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሽፋኑ ይሞላል። ዱቄት መሰል ነገር መታየት ሲጀምር ሥራው አልቋልና ይፍሰስ፤ ገጹም በተነጠረ ውኃ ይታጠብ።

የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ስፍራ ስለሆነ ጧት ጧት ይቀዘቅዛል። ለዚህ ሥራ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ሙቀት ይስማማዋል። ቀን ከቀዘቀዘ መስተዋቱን ለብ ባለ የተነጠረ ውኃ ማለቅለቅ ይቻላል። የብሩን ውኃ ግን በእሳትም በምድጃም ማሞቅ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሠ. መመርመርና መሸፈን። የደረቀው መስተዋት በአምፑል ፊት ተይዞ ይታይ፤ ፀሐይን ግን በዚህ ማየት ዓይን ያጠፋል። መብራቱ በየቦታው በእኩል ሰማያዊ ሆኖ በጥቂቱ ከታየ ሽፋኑ እኩል ነው፤ ቀዳዳ ከታየ እጥበቱ ጎድሏል። ከዚያም ብሩን ከአየርና ከእርጥበት የሚጠብቅ፣ ለመስተዋት ጀርባ የተሠራና እርሳስ የሌለበት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ። ጠርዙ በጥንቃቄ ይሸፈን፤ መስተዋት መጥቆር የሚጀምረው ከጠርዙ ነውና። በክረምት ቀለሙ ስለሚዘገይ ሳይደርቅ አይደራረብ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ

ብርና አሞንያ አንድ ላይ የሟሙበት ውኃ ሲቆይ፣ ይልቁንም ኮስቲክ ሶዳ ካለበት፣ ወይም በዕቃው ጠርዝ ላይ ሲደርቅ፣ በመነካት ብቻ የሚፈነዳ ጥቁር ነገር ይፈጠራል። ይህ ነገር ለመፈንዳት እሳት አይፈልግም፤ ዕቃውን ማንቀሳቀስ ይበቃዋል። «የተረፈውን ነገ እጠቀምበታለሁ» ብሎ ክዳኑን ገጥሞ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሠራተኛ በማግሥቱ ክዳኑን ሲከፍት እጁንና ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፦

1ኛ፤ በዚያው ሰዓት ከሚበቃው በላይ አይበጠበጥ።

2ኛ፤ የተረፈውና ከመስተዋቱ የፈሰሰው፣ የመጀመሪያው እጣቢም ጭምር፣ ሳይውል ሳያድር በውኃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወዳለበት የፕላስቲክ ባልዲ ቀስ እያለ ይፍሰስ። በዚህ ጊዜ በውኃው የቀረው ብር ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ አደጋውም ይወገዳል። አሲዱ ሲቀጥን አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመር እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመር።

3ኛ፤ ማሰሪያው፣ ብርጭቆው፣ ማማሰያው ሁሉ ሳይደርቅ ይታጠብ።

4ኛ፤ ነጩ ዝቃጭ ከወረደ በኋላ አሞንያ ዳግመኛ አይጨመርበት።

5ኛ፤ በረኪና ወደዚህ ቤት አይግባ። በረኪና ከአሞንያም ሆነ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ወለሉን የምታጸዳው ሠራተኛ ይህን አስቀድማ ማወቅ አለባት፤ ጥፋቱ በብዛት የሚደርሰው ባላወቀ ሰው ላይ ነውና።

6ኛ፤ ማናቸውም ኬሚካል በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ውኃ የጠማው ሰው ጽሑፍ አያነብም። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስሙ፣ የተዘጋጀበት ቀንና አደጋው በአማርኛ ይጻፍ።

አደጋ ቢደርስ

ዓይን ከተነካ ቆቡ ተገልጦ 15 ደቂቃ ይታጠብና ወዲያው ወደ ሐኪም ይኬድ፤ ሕመሙ ተሻለኝ ብሎ መቅረት አይገባም። ኮስቲክ ሶዳ መጀመሪያ ብዙ ሳያምም ዓይንን ውስጥ ውስጡን ይበላል። ቆዳ ከተነካ የነካው ልብስ ይውለቅና በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል። አሞንያ የተነፈሰ ሰው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልሰው አይደረግ፤ የጠርሙሱ ጽሑፍ ተይዞ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እነዚህ መስመሮች በግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፈው ይሰቀሉ።

ሒሳቡ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በልምምዱ የገባው 1.7 ግራም ሲልቨር ናይትሬት 1.08 ግራም ብር አለበት። አንድ ካሬ ሜትር መስተዋት የሚይዘው ብር 0.8 ግራም ያህል ስለሆነ፣ የእኛ 0.05 ካሬ ሜትር መስተዋት የሚይዘው 0.04 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ከገባው ብር 1.04 ግራሙ፣ ማለት ከመቶው 96 እጅ፣ በመስተዋቱ ላይ አልቀረም፤ በፍሳሹና በዕቃው ላይ ሄዷል።

ብዙ ሰው ኪሳራው ከመስተዋቱ ስብራት የሚመጣ ይመስለዋል፤ ትልቁ ገንዘብ ግን በውኃ መውረጃው ይፈሳል። ፍሳሹን በበርሜል አጠራቅሞ ዝቃጩን ካስቀረው በኋላ ብር ለሚያነጥር ባለሙያ የሚሸጥ ሰው ከወጪው ብዙውን ይመልሳል። ዝቃጩ እርጥብ እንደሆነ ይቀመጥ፤ በሥራ ቤቱ ውስጥ ለማቅለጥ አይሞከር።

ያልተያዘው ብር ሌላም ዕዳ አለው። ከልደታ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ፤ የአቃቂም ውኃ በታች በኩል ላለው ገበሬ አትክልት ማጠጫ ነው። በውኃ የሟሟ ብር ለዓሣና በውኃ ለሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረቶች ብርቱ መርዝ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከልን ስለሚከለክል፣ ብሩ ከወጣለት በኋላ የቀረው ውኃ እንኳ አሲድነቱ ሳይመጣጠንና የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አይለቀቅ።

ዋጋ ሲተመን ባለሙያው እነዚህን ሁሉ ለየብቻ ይጻፍ፦ ጥሬው መስተዋት፣ በገበያው ቀን ዋጋ የተሰላ ሲልቨር ናይትሬት፣ የተነጠረ ውኃ፣ ቀለም፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የመከላከያ ልብስ፣ የተበላሸው ሰሌዳ። ከዚህ ላይ ከዝቃጩ የተመለሰው ብር ይቀነስ። ውጤቱ ተቀብቶ ከውጭ ከሚመጣው ሰሌዳ የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ጋር ይተያይ።

በዚህ አሠራር የሚያሰላ ሰው በትልልቁና በተራው ሰሌዳ ከውጭው ፋብሪካ ጋር መወዳደር ለትንሽ ሥራ ቤት እንደሚያዳግት ይረዳል። ፋብሪካው በሰንሰለት እያስኬደ ቀንና ሌሊት የሚሠራውን በእጅ ማፍሰስ አይደርስበትም። ለትንሹ ቤት የሚቀረው ጥቅም በሌላ በኩል ነው፦ ጀርባው የጠቆረውን የቆየ የቤት ዕቃ መስተዋት ማደስ፣ በገበያ የማይገኝ ቅርጽ መሥራት፣ ጎባጣ መስተዋት መቀባት። ደንበኛ ከአያቱ የወረሰውን ቁም ሣጥን መስተዋት አዲስ ሰሌዳ ይገጠምልኝ ከማለት የራሱ እንዲታደስለት ይመርጣልና፣ ለዚህ የሚከፍለው ዋጋ በካሬ ሜትር አይለካም። በእድሳት ጊዜ አሮጌውን ብር በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ የሚያነሣ ሰው አየር በሚስበው ማራገቢያ ሥር ይሥራ፤ ያ እጣቢም ብር ስላለበት ወደ በርሜሉ ይግባ። ናይትሪክ አሲድ ከአልኮልም ከቀለም ማቅጠኛም ጋር አይገናኝ።

ማጠቃለያ

የልደታ ባለሙያ ለትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በዚሁ ሠፈር ባለ እጆችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የከተማ ባቡርም በስሙ የሚጠራ ጣቢያ አለው። ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ አባል ኬሚስትሪ የሚያውቅ መምህር አማክሮ፣ ከኬሚካል ሻጩም የደኅንነት መግለጫውን ወረቀት ጠይቆ ይነሣ። ይህን ወረቀት የማይሰጥ ሻጭ ቢያጋጥም ሌላ ሻጭ ይፈለግ።

የግዢውም ተራ ይጠበቅ። መጀመሪያ መነጽሩና ጓንቱ፣ ቀጥሎ ሮቶውና ማራገቢያው፣ ከዚያ የፍሳሹ በርሜል ይገዛ። ሲልቨር ናይትሬት የመጨረሻው ግዢ ይሁን። ተራውን ገልብጦ ብሩን አስቀድሞ የገዛ ሰው ገንዘቡ በብሩ ስለሚያልቅ ለዓይኑ መከላከያ ሳይገዛ ሥራ ይጀምራል፤ በአንድ ቀን ስሕተትም ሙያውን ሊያጣ ይችላል። መስተዋት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት መልኩን በሥራው ላይ የሚያይበትን ዓይን ይጠብቅ።